አደራሽ ላይ የጨመርኩት

ይድረስ ለእታለም፣ ላሳደገችኝና ሳትጨርሰኝ ለሄደችው እህቴ፤

ከተለየሽን ዛሬ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እንደተውሽኝ ነኝ፤ ማለትም አልታረምኩም። ጤናዬም፣ ጥርሴም፣ አፌም ደህና ናቸው። አንዱን ከወሰደ እግዜር አፌን ቢወስድ ይሻል ነበር። ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝም እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርሽ፤ ቸኩዬ ዋናው ነገር ውስጥ ከገባሁ መውጫው ይጠፋኛል። የግቢውን በር ማጠፊያ ቀይሬዋለሁ። ድሮ ስትገቢ በጩኸቱ ነበር የምናውቅሽ። አሁን ዝም ብሎ ይከፈታል፤ ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ጸጸተኝ። ከሸዋ በር ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ተቆፍሮ እንደገና ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ባጃጆቹ ግን እንደ ጥንቱ ሰው እግር ላይ ነው የሚያቆሙት። አልጋሽ በቦታው አለ። ነጠላሽን ልጅሽ ረድኤት ትለብሰዋለች፤ ቁመቷ ከአንቺ ስለበለጠ ጫፉ ጉልበቷ ላይ ይቀራል።

ውሃው አልተለወጠም። ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል፤ "እንደ ወንድሜ ነው" ትዪው ነበር። የተለወጠው ልጅሽ ከውሃው ጋር ያላት ነገር ነው። ትንሽ ሆና ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጥፋ "እማዬ፣ እየመጣ ነው" ስትልሽ ትዝ ይልሻል? ያን ጊዜ ጨዋታ መስሎን ነበር። አሁን ግን የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ የሚወጣው በእሷ ቃል ነው። ውሃው ከመድረሱ በፊት አየሩ ያፏጫል ትላለች። ፉጨቱ ቀጭን ከሆነ ውሃው ቶሎ ይሄዳል፣ ወፍራም ከሆነ ልብስ ማጠብ ይቻላል። እኔም ልስማ ብዬ አንድ ቀን ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ የሰማሁት የራሴን ጆሮ ብቻ ነው።

ይቺ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተነች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያው በጥቂት ነጥብ አመለጣት። እሷ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ስታየኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው አልኳት። ቤት ውስጥ አንድ ራስ ሽንኩርት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ቀረ። አንዱ እዚሁ ከተማችን ያለው የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው፤ ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ከቤት እየተመላለሰች መማር ትችላለች። ሌላው አዲስ አበባ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚበትኑት ወረቀት ከማብረቅረቁ የተነሳ ፀጉርሽን እያየሽበት ልታበጥሪ ትችያለሽ። ማኔጅመንት ያስተምራል። የሱን ክፍያ ለመቻል የአንቺን ክፍል ማከራየት፣ የእኔን የስፌት መኪና ጥገና ሱቅ ደግሞ ለሌላ ሰው ለቅቄ ተቀጥሬ መሥራት ነበረብኝ። ይህን ሁሉ አስቤ ቆርጬ ነበር። አንቺ እንደምታውቂኝ አስቤ የማውቀው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ይሄን በማሰቤ ራሱ ኮርቼ ነበር።

እሷ ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ "ጋሼ፣ የውሃ ሥራ ልማር ነው፤ እዚሁ ኮሌጁ ያስተምራል" አለችኝ። በደብተሩ ላይ የሰፈራችንን ቧንቧ ስላ ነበር፤ ከየት ገብቶ የት እንደሚታጠፍ፣ የቱ ቤት ጋ ግፊቱ እንደሚደክም። እኔ ምን አልኩ? ሳቅኩ። "ቧንቧ ሠራተኛ! በይ እንግዲህ፣ የሠርግሽ ዕለት ሙሽራው በቀለበት ፋንታ የቧንቧ ጎማ ያጠልቅልሻል" አልኳት። እሷም ለሽማግሌ እንደሚሳቀው ትንሽ ሳቀችና ደብተሩን አጠፈችው። "አቦ ተወኝ" አለች። ተውኳት። ብተዋት ጥሩ ነበር፤ ግን ከልቤ አልነበረም የተውኳት።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልምጣ። የማርያም ማኅበርሽን ቦታ እኔ ነኝ የወረስኩት። በየወሩ ሃያ አንድ ከእነ እትዬ በላይነሽ መሃል እቀመጣለሁ፤ እሳቸውም "ይሄ ሰውዬ ማኅበሩን ሊበትነው ነው የመጣው" እያሉ ዳቦውን ለእኔ አሳንሰው ይቆርሱልኛል። ባለፈው ወር ተራው የእኛ ነበር። አንቺ ትሠሪው እንደነበረው ባይሆንም ጠላው ደህና ወጥቶ ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ፣ እትዬ በላይነሽ "ለመሆኑ ልጅቷን ምን ልታደርጋት አሰብክ?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ወደ እኔ ሲዞር ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ።

"እናቷ ዓይኗን ከመክደኗ በፊት እጄን ይዛ፣ 'ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስገባልኝ' ብላ አደራ ሰጥታኛለች" አልኩ። "አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ የግል ዩኒቨርሲቲ ትገባለች" አልኩ።

ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ከዚያ ቄሱ ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ ሁሉም ተነሣ። "የእናቷን አደራ የሚፈጽምላት ያድርጋት! ሄዳ የምታኮራ፣ ተመልሳ የምታሳርፍ ያድርጋት!" ሲሉ "አሜን" ተባለ፤ ጣሪያው ተነቃነቀ። እልልታው ሲቀልጥ ጎረቤት ሙሽራ የገባ መስሎት በአጥር አየን። እትዬ በላይነሽ እዚያው ላይ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው እንድታስቀምጣት ቃል ገቡ። ረድኤት ጠላ የምትቀዳበትን ጆግ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ፊቷን አየሁት። እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነበር፤ ምንም አልነበረበትም።

አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰው የገዛውን ዕቃ ይመልሳል፣ የታጨ እንኳ ቀለበት ይመልሳል። ቆመው አሜን ያሉበትን ምርቃት ግን የት ወስደሽ ትመልሺዋለሽ? የኛ ሰው ምርቃት ከወጣበት በኋላ ነገሩ ተፈጸመ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። በማግሥቱ ሸዋ በር ላይ ሦስት ሰው "እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ።

እሷ አልተቃወመችም። ሻንጣውን ከአልጋሽ ሥር አወጣች፣ አራገፈችው። ልብሷን መለየት ጀመረች። ቧንቧውን መስማት ግን ተወች፤ ውሃ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ ማንም አላወቀም። ጎረቤቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው "ልጅቷ አሟታል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። "እየተዘጋጀች ነው" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ሥራ ቦታ ስቀመጥ ያላላሁትን ብሎን አላላዋለሁ፣ ያጠበቅኩትን አጠብቀዋለሁ። የአንዲትን ሴት የስፌት መኪና ፈትቼ ስገጥም አንድ ዕቃ ተረፈኝ፤ እንደገና ስፈታው ሁለት ተረፈኝ። ኢብራሂም፣ ያ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በመኪና ግርግር ከአጠገቤ የሚሰፋው ወዳጄ፣ ከልብስ ላይ ቀና ብሎ "ወላሂ፣ ዛሬ መኪናው ነው አንተን የፈታህ" አለኝ። እኔም ዘግቼ ወጣሁ። ወደ ፈረስ መጋላ፣ ከዚያ ወደ ኤረር በር፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ ሸዋ በር፤ ሰው "ምን ጠፋብህ?" ሲለኝ "መሐረብ" እላለሁ። እየዞርኩ እየዞርኩ አንድ ረፋድ ራሴን ኮሌጁ በር ላይ አገኘሁት።

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "አባት፣ ለመማር ነው?" አለኝ። "አዎ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ልቀጥል" አልኩት። ሳቀና አስገባኝ። ወርክሾፑ ውስጥ ቱታ የለበሱ ልጆች ነበሩ። አንዲት ልጅ የብረት ቱቦ በመያዣ አጥብቃ ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ እያወጣችለት ነበር፤ ክንዷ እንደ አንቺ ክንድ ቀጭን ነው፤ ቱቦው ግን ይታዘዛታል። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ፓምፕ ተፈትቶ፣ ዕቃው በተራ በተራ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ሥር ስሙ ተጽፎ ተቀምጧል። እጄ እንደምታውቂው ነው፤ አንዱን አነሣሁ። "አባባ፣ ያነሡትን ቦታው ይመልሱት" አለችኝ ልጅቷ፣ ዞራ እንኳ ሳታየኝ።

መለስኩት። እታለም፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት በማበላሸት ነው። አንድ የስፌት መኪና ለመጠገን ከመድረሴ በፊት የስንት ሰው መኪና እንደገደልኩ ታውቂያለሽ። እነዚህ ግን ከመሰበሩ በፊት ለምን እንደሚሰበር እየተማሩ ነው። እዚያ ቆሜ ቀናሁ። አልዋሽሽም፣ በልጆች ቀናሁ።

መዝጋቢዋ ጋ ገባሁና ስለ ውሃ ትምህርቱ ጠየቅኳት። ምዝገባው ዓርብ እንደሚያበቃ ነገረችኝ። የረድኤትን ስም ስጠራ ቀና አለች። "ያቺን ልጅ ታውቃታለህ? ሦስት ጊዜ መጣች። ቅጹን ትወስዳለች፣ ባዶውን ትመልሳለች። 'ምን ነካሽ?' ስላት፣ 'አጎቴ ሰው ፊት ተናግሯል፤ ደግሞም የእናቴ ኑዛዜ ነው' አለችኝ። የእናት ኑዛዜ ካለ እኔ ምን እላታለሁ?" አለች። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ዘበኛው "ተመዘገብክ?" ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም። መልስ ሳልሰጥ ያለፍኩት ሰው እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሱቅ ተመልሼ ለኢብራሂም ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ አንቺና እኔ ብቻ የምናውቀውን ጭምር። መርፌውን አቆመ። እሱ መርፌውን ሲያቆም ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። "ስማኝ፣" አለኝ፣ "ሰው የሰጠህ አማና ላይ መቀነስ ሐራም እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መጨመርስ? እኔ ጋ ሴትዮ ጨርቅ ይዛ መጥታ 'ቀሚስ ስፋልኝ' ብትለኝ፣ ከራሴ ጨርቅ ጨምሬ ኮት ብሰፋላት፣ ቀሚሷን በልቻለሁ።" ከዚያ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔ እስከዛሬ አደራ በላ የሚባለው የሚቀንስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ አንቺ ምስክሬ ነሽ፤ ከአንቺ ሌላ ምስክር የለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብስሽ ላይ ነበረች። ረድኤትን ውሃ እንድታመጣ ላክሻት። "ልጄን አደራ" አልሽኝ። "የወደደችውን ትማር" አልሽኝ። ትንፋሽ አጥሮሽ ቆየሽና፣ እጄን ጨብጠሽ፣ "አንተ ደግሞ አትሳቅባት" አልሽኝ። ያልሽው ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚል ቃል ከአፍሽ አልወጣም።

የጀመርኩት ለቅሶው ላይ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ "ምን ብላ ሞተች?" ይላል። "አትሳቅባት አለችኝ" ብዬ እንዴት ልናገር? ስለዚህ "አስተምርልኝ አለች" አልኩ። ሳልስቱ ላይ "በደንብ አስተምርልኝ አለች" ሆነ። ለአርባሽ "ዩኒቨርሲቲ" ገባበት። ማኅበሩ ላይ ስናገረው፣ ማርያምን፣ ራሴም አምኜው ነበር፤ እጄን የጨበጥሽበት ቦታ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

ከየት እንዳመጣሁት ደግሞ ታውቂያለሽ። የጎረቤታችን ልጅ ሲመረቅ ጋውኑን ለግማሽ ቀን ተውሼ፣ ፈረስ መጋላ ፎቶ ቤት ሄጄ የተነሣሁትን ፎቶ ሳሎን ሰቅለሽልኝ አልነበር? እንግዳ "በምን ተመረቀ?" ሲልሽ "በውሸት" ትዪ ነበር። አብረን እንስቅ ነበር። አንቺ ስትስቂ እኔ ግን በልቤ ፎቶውን እውነት አደርገው ነበር። ያን ጋውን በረድኤት ላይ ማየት የፈለግኩት እኔ ነኝ፤ ፍላጎቱን በአንቺ አፍ ተናገርኩት።

የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔ እንድማር ብለሽ ትምህርትሽን ተውሽ። እኔ ደብተሬን ይዤ እየወጣሁ መኪና ግርግር ስዞር፣ ሰው የጣለውን የስፌት መኪና ስፈታ እውል ነበር። አንድ ቀን ደረስሽብኝ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ዘይት ነበር። ሮጬ ልጠፋ ስል ያዝሽኝ፤ ልትመቺኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታሽኝም። መሐረብሽን አውጥተሽ እጄን ጠረግሽና፣ "የምትወደው ይሄ ከሆነ፣ በደንብ ልመደው" አልሽኝ። ለእኔ ያደረግሽውን ለልጅሽ እንዳደርግ ነው የጠየቅሽኝ፤ እኔ ከለከልኳት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ዓርብ ምዝገባው ያበቃል፤ ነገ ሃያ አንድም ነው፣ ማኅበሩ እትዬ በላይነሽ ቤት ነው። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ረድኤትን ጠራኋት። ጀሪካኖቹ አጠገብ ተቀመጠች። ቀልድ ልጀምር አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋሁት። ያልሽውን ነገርኳት፤ ሦስቱንም፣ በቅደም ተከተል።

ከዚያ "ደግመህ በለው" አለችኝ። ደገምኩት። "እንዲህ አይደለም፤ እሷ እንዳለችው በለው" አለችኝ። የት ላይ ትንፋሽ እንዳጠረሽ፣ የት ላይ እጄን እንደጨበጥሽ ሁሉ ነገርኳት። እጇን ሰጠችኝ፤ የጨበጥሽኝን ያህል ጨበጥኳት። ከዚያ እጇን ከእጄ ነጠቀች። "የእናቴን ቃል አንድ ዓመት ከአምስት ወር ይዘህብኝ ተቀመጥክ?" አለችኝ። "አልሰማሽም ብዬ..." ስል፣ "አዎ አልሰማሁም! ውሃ ቅጂ ተብዬ ነበራ! አንተ ነበርካ የሰማኸው!" ብላ ወጣች።

እታለም፣ ሁሉንም አስቤ ነበር፤ ትምህርቱን፣ ምርቃቱን፣ የማኅበሩን ፊት። ይሄን ግን አላሰብኩትም። ከአንዲት ልጅ እናቷ ትታላት የሄደችውን የመጨረሻ ቃል ወስጄ፣ በምትኩ ራሴ የሠራሁትን ሰጥቻት እንደነበረ አላሰብኩትም። በዚያ ውሸት ነው ሻንጣዋን ስታራግፍ የከረመችው። ለአንቺ ለመታዘዝ ብላ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የአሳዳጊ ፊርማ የሚለው ላይ ጣቷን አኖረች። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ሚኒስትር ነው፣ ግማሽ ገጽ ይወስዳል፤ ሁልጊዜ ትስቅበት ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። ወረቀቱን አንሥታ፣ "ነገ ማኅበሩ ላይ ራስህ ትናገራለህ። እኔም መጥቼ እሰማለሁ" አለችኝ።

እፈራለሁ፣ አልደብቅሽም። እትዬ በላይነሽ ለልጃቸው ደውለው ክፍል አስጠርገዋል። ቄሱ ምርቃቱን ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። ሴቶቹ በሞተች እህቱ አፍ የሚዋሽ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ከማኅበሩ ቢያስወጡኝ ቦታሽ በእኔ ምክንያት ባዶ ሊቀር ነው፤ እሱ ከሁሉ ይብሳል። ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሣለሁ። ነገ የምለውን ስለማመድ በየመሃሉ ቀልድ እየገባብኝ አስቸግሮኛል፤ እያወጣሁ እጥላለሁ።

አልረሳሽም ብሎ ቃል መግባት ለእኔ ቀላል ነው፤ ረስቼሽማ አላውቅም። እስካሁን ግን ያስታወስኩሽ እንደሚመቸኝ አድርጌ ነው። ከነገ ጀምሮ እንደተናገርሽው አስታውስሻለሁ። "ምን ብላ ሞተች?" ለሚለኝ ሁሉ ሦስቱን ቃል እነግረዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝን ሦስተኛውን ከሁሉ አስቀድሜ። እኔ እንኳ ብዘነጋው ሌላው እንዲያስታውሰኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያውቀው አደርጋለሁ።

ልጅሽ አሁን እራት አቅርባልኛለች። የእኔን ሳህን ከእሷ ሳህን አርቃ ነው ያስቀመጠችው። ልበላ ነው፤ ዝም ብዬ።

ታናሽ ወንድምሽ